ጭራቋ እናት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

  

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ሥዕል ነው። ሥዕሉን በሬዲዮ ላሳያችሁ አልችልም፤ ልተርክላችሁ ግን እችላለሁ። እኔ ልናገር፣ እናንተ በዓይነ ልቦናችሁ ሣሉት።

ወረቀቱ ትልቅ አይደለም። ቁመቱ 39፣ ስፋቱ 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በእጅ ይዘው ቀረብ አድርገው ሊያዩት የሚመች። በላዩ አንዲት ሴት አለች። ፊቷን ቀለም አልነካውም፤ የወረቀቱ ንጣት ራሱ ቆዳዋ ሆኗል። አንገቷን ደፋ አድርጋ ወደ ታች ታያለች። ልብሷ ከደረቷ ላይ ተገልጧል። አንድ ወፍራም ሕፃን አንደኛውን ጡቷን ይጠባል፤ ሁለተኛውን ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይወስድበት ይመስል በእጁ ይዞታል። የሕፃኑ ቆዳ ቀይ ነው፤ ወደ ሸክላ የሚያደላ ቅላት።

አሁን ደግሞ ፀጉሯን ሣሉ። ረዥም ነው፣ ጥቁር ነው፣ አልተበጠረም፣ አልታሰረም። በትከሻዋ፣ በጀርባዋ፣ በክንዷ ላይ እንዳሻው ወርዷል። ቅንድቧም ወፍራም ነው፤ እንደ ዘመኑ ያገቡ ሴቶች አልተላጨም። ይህን ፀጉር አትርሱብኝ፤ እንመለስበታለን።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ይህች ሴት ማን ትመስላችኋለች?

(አጭር ዝምታ)

“እናት ናት” ያላችሁ ትክክል ናችሁ። እናት ናት። ግን በጃፓን ተረት ውስጥ ይህች ሴት ሰው ትበላለች። ስሟ ያማኡባ ይባላል፤ በተራራ የምትኖር አሮጊት፣ በእኛ አነጋገር ጭራቅ። ጡት የሚጠባው ልጅ ኪንታሮ ነው። ሥዕሉን የሣለው ኪታጋዋ ኡታማሮ ነው፤ በ1750ዎቹ መጀመሪያ እንደተወለደ የሚገመት፣ በ1806 የሞተ የጃፓን ታላቅ ሠዓሊ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱን ስሞች ልድገምላችሁ። እናቲቱ ያማኡባ። ልጁ ኪንታሮ። ሠዓሊው ኡታማሮ።

(የነፋስ ድምፅ፤ ይቆያል፣ ይጠፋል)

ያማኡባን ለማወቅ ከተረቷ እንጀምር። በጃፓን ገጠር ለልጆች ከሚነገሩት ተረቶች አንዱ የበሬ ነጂው ታሪክ ነው።

አንድ ሰው በበሬው ላይ ጨው የተነሰነሰበት ዓሣ ጭኖ ተራራ ሲያቋርጥ ይመሽበታል። ከኋላው ያማኡባ ትመጣለች። “አንድ ዓሣ ስጠኝ” ትለዋለች። ይወረውርላታል። ትውጠዋለች። “ሌላ ስጠኝ!” ይሰጣታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጭነቱ በሙሉ ያልቃል። ቀጥላ በሬውን ትጠይቃለች። በሬውንም ትበላዋለች። ከዚያስ? ከዚያማ የቀረው ሰውየው ነው።

ይሮጣል። ጫካ ውስጥ አንድ ቤት አግኝቶ ጣራው ሥር ካለው አግዳሚ እንጨት ላይ ወጥቶ ይደበቃል። ለካ ቤቱ የራሷ የያማኡባ ነው። ገብታ እሳት ታነዳለች፣ የሩዝ ቂጣ ትጠብሳለች፣ እንቅልፍ ይወስዳታል። ሰውየው ከላይ ሆኖ በሸንበቆ እየወጋ ቂጣዋን አንድ በአንድ ይሰርቃታል። በመጨረሻም ተኝታ ሳለ የፈላ ውኃ አፍስሶ ይገድላታል።

ልጆች በዚህ ተረት ይፈራሉ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ይስቃሉ። እኔን ግን ሌላ ነገር ያስገርመኛል፦ ይህች ፍጥረት ቤት አላት። እሳት ታነዳለች። ቂጣ ትጠብሳለች። ደክሟት ትተኛለች። ተረቱ ራሱ ሳያስበው ሰው አድርጓታል።

ይህን ያስተዋሉ የጃፓን ባለ ተውኔቶችም ነበሩ። ኖ የሚባል ጥንታዊ የጃፓን ተውኔት አለ፤ በጭንብል፣ በዜማና በዝግታ በሚሄድ ውዝዋዜ የሚቀርብ። ከኖ ተውኔቶች አንዱ በዚህችው ሴት ስም ይጠራል። ታሪኩ እንዲህ ነው። በዋና ከተማዋ የምትኖር አንዲት ዘፋኝና ተወዛዋዥ ስለ ያማኡባ እየዘፈነች ስመ ጥር ሆናለች። ዜንኮጂ ወደሚባል ቤተ መቅደስ ልትሳለም ስትጓዝ ተራራ ላይ ድንገት ይጨልምባታል። አንዲት ሴት መጥታ ማደሪያ ትሰጣታለች። ያች ሴት ማን ናት? ራሷ ያማኡባ። ቅሬታም አላት፦ ስሜን እየጠራሽ ታዋቂ ሆንሽ፣ ስለ እኔ ግን አንድ ቀን አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ? ትላታለች።

በዚያ ተውኔት ያማኡባ ማንንም አትበላም። ከተራራ ተራራ ትዞራለች። እንጨት ቆራጮች ሲደክማቸው ሳይታወቃቸው ሸክማቸውን ታግዛለች። ሴቶች ሲሸምኑ ሳትታይ ገብታ ትረዳለች። የሚፈሯት ሰዎች የምታግዛቸው እሷ መሆኗን አያውቁም። ከዚህች ፍጥረት ጋር በተያያዘ ከማውቀው ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ ነው።

እናት የሆነችው ግን ቆይታ ነው። በ1712 ቺካማጹ የተባለው ዝነኛ ጸሐፌ ተውኔት ለአሻንጉሊት ቲያትር አንድ ታሪክ ጻፈ። በዚያ ታሪክ የምትወደው ሰው የሞተባት ሴት በሆዷ ልጅ ይዛ ወደ ተራራ ትሸሻለች፣ ያማኡባም ትሆናለች፣ እዚያው ትወልዳለች። የተወለደው ልጅ ጉልበተኛው ኪንታሮ ነው።

(አጭር የዋሽንት ድምፅ)

ኪንታሮን ደግሞ የጃፓን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በአሺጋራ ተራራ ያደገ፣ ከድብ ጋር የሚታገል፣ መጥረቢያ የሚሸከም፣ ጓደኞቹ የዱር አራዊት የሆኑ ልጅ ነው። ሲያድግ ሚናሞቶ ኖ ዮሪሚጹ የተባለ የጦር አለቃ አግኝቶት ከተራራው ያወርደዋል፤ ሳካታ ኖ ኪንቶኪ ተብሎም ከአለቃው አራት ታማኝ ተዋጊዎች አንዱ ይሆናል። ዮሪሚጹ በእርግጥ የነበረ ሰው ነው፤ የሞተው በ1021 ነው። በተረቱ ኪንቶኪና ጓደኞቹ ኦዬ ተራራ ላይ የነበረውን ሰካራም ጭራቅ አብረው ይገድላሉ።

ልብ አላችሁ? ጭራቅ ገዳዩን ያጠባችው ጭራቅ ናት።

እስከ ዛሬ ድረስ በጃፓን በአውሮፓውያኑ ሜይ ወር መጀመሪያ ላይ፣ በልጆች በዓል፣ ወንድ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች የኪንታሮን አሻንጉሊት ቤታቸው ያስቀምጣሉ። ልጃችን እንደሱ ይጠንክር ማለታቸው ነው።

(ሙዚቃ፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል)

እንግዲህ ወደ ሠዓሊው እንምጣ። ኡታማሮ የሚኖረው ኤዶ ነበር፤ ኤዶ የዛሬዋ ቶኪዮ ናት። ዝናው የቆነጃጅት ሥዕል ነበር። ጹታያ ጁዛቡሮ ከተባለ ብልህ አሳታሚ ጋር ሆኖ በ1790ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ነገር አመጣ፦ ሴትን ከእግር እስከ ራስ መሣሉን ትቶ ፊቷንና ደረቷን ብቻ ወረቀቱን ሞልቶ ሣለ። የሻይ ቤት አስተናጋጆቹን ኦኪታንና ኦሂሳን እንዲህ ሣላቸው፤ የከተማው ሰው መልካቸውን በወረቀት እየገዛ ወሰደ። ሥዕል ያን ጊዜ የሀብታም ብቻ አልነበረም። የአንድ ሥዕል ዋጋ ከአንድ ጎድጓዳ ሳህን ኑድል ብዙም አይርቅም ነበር።

መንግሥት ግን አልወደደውም። ሾጉን የሚባለው የጦር ገዥ አስተዳደር ቅንጦትን ይከለክል ነበር፤ ከ1790 ጀምሮ ማንኛውም ሥዕል ከመታተሙ በፊት በመርማሪ ታይቶ ማኅተም እንዲያርፍበት አዘዘ። በ1793 በሥዕል ላይ የተራ ሴቶችን ስም መጻፍ ተከለከለ። ኡታማሮ ስማቸውን በትንንሽ ሥዕሎች እንቆቅልሽ አድርጎ ማስገባት ሲጀምር፣ በ1796 እንቆቅልሹም ተከለከለ። በ1800 ደግሞ የሴቶች ፊት ጎልቶ የሚታይባቸው ሥዕሎች ራሳቸው ተከለከሉ።

እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? የምታውቁት ሥራ ሴት መሣል ነው። የምትሥሏት ሴት ሁሉ ሕግ አስነሥታለች። ማንን ትሥላላችሁ?

ኡታማሮ ያማኡባን ሣለ። ማን ይከሰዋል? እሷ የሻይ ቤት አስተናጋጅ አይደለችም፤ የተረት ፍጥረት ናት። ልጇ ደግሞ የታማኝነት ምሳሌ የሆነ ጀግና ነው። ብዙ የጥበብ ታሪክ ተመራማሪዎች ኡታማሮ ወደዚህች ሴት የዞረበት አንዱ ምክንያት ይህ ክልከላ ነው ይላሉ፤ እኔም ያሳምነኛል። ከ1790ዎቹ አጋማሽ እስከ ሞቱ ድረስ በአሥሮች የሚቆጠሩ የያማኡባና የኪንታሮ ሥዕሎች አወጣ። በአንዱ ታጠባዋለች። በሌላው የቼስትነት ፍሬ ይዛለች፣ ልጁም ስጪኝ እያለ ይጠጋታል። በሌላው ደግሞ ፀጉሯን ታበጥራለች።

እንድገመው፤ ነገሩ እዚህ ላይ ነውና። ያማኡባ ለረጅም ዘመን የምትፈራ አሮጊት ነበረች። ኡታማሮ ወጣትና ቆንጆ እናት አደረጋት። ለዚህም መንገዱን ከጠረጉለት አንዱ የመንግሥት ክልከላ ነበር።

ሠዓሊው ግን ሁልጊዜ አላመለጠም። በ1804 ስለ ቀድሞው ገዥ ስለ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ባወጣቸው ሥዕሎች ተይዞ ለ50 ቀናት እጆቹ በሰንሰለት ታሰሩ። የሚሥልበት እጅ መታሰሩን አስቡት። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሞተ።

(የእንጨት መቅረጫ ድምፅ፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ)

ይህ ድምፅ ምን ይመስላችኋል? መዶሻና መሮ ነው። ሥዕሉ ከእንጨት ሰሌዳ የታተመ ነውና፣ “የኡታማሮ” እንላለን እንጂ ኡታማሮ ብቻውን አልሠራውም። አሳታሚው ገንዘቡን ያወጣል፣ ሠዓሊው ይነድፋል፣ ቀራጩ ይቀርጻል፣ አታሚው ያትማል። አራት ሰዎች፣ አራት ሙያ።

ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ይነድፋል። ቀራጩ ያንን ወረቀት ገልብጦ በጠንካራ የቼሪ እንጨት ሰሌዳ ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ መስመሩን ትቶ በመስመሩ ዙሪያ ያለውን እንጨት ያነሣል። እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም ቁጠሩት፤ ከፍ ብሎ የቀረው ብቻ ነው ቀለም የሚይዘው። የሠዓሊው ንድፍ እዚያው ሰሌዳ ላይ እየተቆረጠ ያልቃል፤ መልሶ አይገኝም።

ለእያንዳንዱ ቀለም ደግሞ ሌላ ሰሌዳ ይቀረጻል። ለኪንታሮ ቅላት አንድ፣ ለልብሷ ሌላ። ቀለሞቹ እንዳይዛነፉ ምን ተደረገ? በየሰሌዳው ጠርዝ ላይ ሁለት ትንንሽ ምልክቶች ይቆረጣሉ፣ አታሚው ወረቀቱን እነሱ ላይ ያስጠጋል። በዚህ ዘዴ በብዙ ቀለም የተዋበ ሥዕል ማተም የተስፋፋው ከ1765 ጀምሮ፣ በሱዙኪ ሃሩኖቡ ዘመን ነው። ማተሚያ መኪና የለም። የወረቀቱ ጀርባ በቀርከሃ ቅጠል በተሸፈነ ክብ መፈተጊያ፣ በሰው ክንድ ኃይል ይታሻል።

ወደ ፀጉሩ እንመለስ ብያችሁ አልነበር?

በአንድ የቅርጽ ቤት ውስጥ ልብስና ጀርባ የሚቀርጹት ተማሪዎች ነበሩ። ፊትንና ፀጉርን የሚቀርጸው ግን ዋናው ባለሙያ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ፀጉርን ለመቅረጽ በእያንዳንዱ ክር ግራና ቀኝ ያለው እንጨት ይነሣል፣ ክሩ ራሱ ቆሞ ይቀራል። ከአንድ ሚሊ ሜትር የቀጠነ እንጨት ሳይሰበር በሺህ ለሚቆጠር ኅትመት መቆም አለበት። በግንባር ላይ፣ ፀጉር ከቆዳ የሚለይበት ቦታ፣ የባለሙያው እጅ የሚፈተንበት ነው።

የኤዶ ቆነጃጅት ፀጉር በዘይት ተለስልሶ፣ በማበጠሪያና በወስፌ ተይዞ የተሠራ ነው፤ መስመሩ ይታወቃል፣ ሥርዓት አለው። የያማኡባ ፀጉር ግን ሥርዓት የለውም። እያንዳንዱ ክር በራሱ መንገድ ይሄዳል። ቀራጩ ከሚያውቀው ሁሉ የከበደውን ሥራ የሠራው ለዚህች ጭራቅ ነው ማለት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ኡታማሮ ያማኡባን ለገበያ ሲል አሳመራት፣ ጭራቅነቷን አጠፋው ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው፤ ሥዕሉ የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ግን ፀጉሩን እዩ! ማጥፋት ቢፈልግ ኖሮ አሳምሮ ባሰረው ነበር። ቅንድቧን በላጨላት ነበር። አላደረገውም። ተራራው በፀጉሯ ውስጥ አለ። ከዚያ ጫካ መሐል ደግሞ አንድ ረጋ ያለ ነጭ ፊት ወደ ልጁ ዘንበል ይላል። የምትፈራዋና የምታጠባዋ አንዲት ሴት ናቸው። እኔ በዚህ ሥዕል ላይ የማምንበት ነገር ይህ ነው፦ ኡታማሮ ፍርሃቱን ሳይደብቅ ፍቅርን ጨመረበት።

ለማነጻጸር ያህል አንድ ሌላ ሥዕል ልጥቀስ። በእነዚያው ዓመታት ናጋሳዋ ሮሴጹ የተባለ ሠዓሊም ያማኡባን በቀለም ሣላት፤ ሥዕሉ በኢጹኩሺማ ቤተ መቅደስ ይገኛል። የሮሴጹ ያማኡባ ያረጀች፣ የተሸበሸበች፣ ዓይኗ የሚያስደነግጥ ናት። ልጁ ኪንታሮ ግን አጠገቧ ነው። አንድ ተረት፣ አንድ ዘመን፣ ሁለት ሴቶች። የትኛዋን ትመርጣላችሁ? እኔ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማየት እወዳለሁ፤ የሮሴጹን ካየሁ በኋላ የኡታማሮ ድፍረት ይበልጥ ይታየኛል።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

አንድ ጥያቄ ቀርቶናል። ልጁ ለምን ቀይ ሆነ?

ቅላቱ በመጀመሪያ የጉልበቱ ምልክት ነው። ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን ጃፓን ውስጥ ፈንጣጣ ልጆችን ይጨርስ ነበር። ፈንጣጣን አያቶቻችን በደንብ ያውቁታል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በ1976 ነው። ጃፓኖች ቀይ ቀለም የፈንጣጣን መንፈስ ያርቃል ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ በቀይ ቀለም ብቻ የታተሙ ሥዕሎች ነበሩ፤ ልጅ ሲታመም ተገዝተው አጠገቡ ይደረጋሉ። በእነዚያ ቀይ ሥዕሎች ላይ ከሚታዩት አንዱ ኪንታሮ ነው። አስቡት፤ እናት ልጇ በትኩሳት ሲነድ የኪንታሮን ሥዕል ገዝታ ራስጌው ላይ ታኖራለች። ክትባት ያልደረሰላት እናት ከዚህ ሌላ ምን ነበራት?

የዚያ ዘመን ኤዶ ሰው የኡታማሮን ሥዕል ሲያይ፣ ያ ቀይ ሕፃን ጠግቦ፣ ወፍሮ፣ ጡት እየጠባ ሲያየው፣ ጤነኛ ልጅ አየ። በሕይወት የሚቆይ ልጅ አየ።

ሥዕሉ ከጃፓን ወጥቶም ሩቅ ሄዷል። በ1890 ፓሪስ ውስጥ ትልቅ የጃፓን ኅትመቶች ዐውደ ርእይ ተከፍቶ ነበር። ከተመልካቾቹ አንዷ ሜሪ ካሳት ነበረች፤ በፓሪስ የምትኖር አሜሪካዊት ሠዓሊ። ባየችው ነገር ተማርካ በቀጣዩ ዓመት አሥር ባለ ቀለም ኅትመቶችን ሠራች። ሴት ልብስ ስትለካ፣ ደብዳቤ ስታሽግ፣ እናት ልጇን ስታጥብ፣ ልጇን ዕርቃኑን አቅፋ ስትስም። የመስመሩ ጥራት፣ ሰፊው ባዶ ቦታ፣ እናትና ልጅ አንድ ቅርጽ ሆነው መታየታቸው ከኡታማሮ ትምህርት ቤት ነው።

ለንደንና ኒው ዮርክ ያላችሁ አድማጮቻችን ዕድሉ አላችሁ። የብሪታንያ ሙዚየምና የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የኡታማሮን ያማኡባ ሥዕሎች ይዘዋል። ግን በሄዳችሁ ቀን ግድግዳ ላይ ላይገኙ ይችላሉ። ለምን? ከዚያ ዘመን ቀለሞች ብዙዎቹ ከአበባና ከቅጠል የተጨመቁ ናቸው፤ ብርሃን ይበላቸዋል። ሰማያዊው ይገረጣል፣ ሐምራዊው ወደ ቡኒ ይሄዳል። ስለዚህ ሙዚየሞች ለጥቂት ወራት ሰቅለው ለዓመታት ጨለማ ውስጥ ያሳርፏቸዋል። በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለ አንድ ትልቅ የኅትመት ስብስብ፣ ሁለት ወንድማማቾች በ1921 ሲለግሱት፣ ፈጽሞ ለዐውደ ርእይ እንዳይወጣ ቃል አስገብተው ነው የሰጡት። ቀለሙ ዛሬም እንደ ትናንት ነው ይላሉ ያዩት።

ከመሄዳችሁ በፊት የሙዚየሙን ድረ ገጽ ተመልከቱ፤ ሥዕሉ በምስል አለ። ስታገኙት መጀመሪያ ግንባሯን እዩ፣ ፀጉሩ ከቆዳው የሚለይበትን ጠርዝ። ከዚያ የልጁን ሁለት እጆች። ከዚያ የእሷን ዓይን ተከተሉ፤ ወዴት እንደምታይ። ያያችሁትን ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደብዳቤዎቻችሁን እናነባለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)